የሥጋ ሻጩ ምራት

«ጥንቸል» የሚለውን ስም ያወጡላት አማቷ ናቸው፤ ያውም በሠርጓ ማግስት፣ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ገበታ ከቦ በተቀመጠበት። አማቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥጋ ሲሸጡ የኖሩ፣ ክንዳቸው የሌላውን ሰው ጭን የሚያህል፣ ሲስቁ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ የሚንጫጫ ሰው ነበሩ። አዲሷ ምራታቸው ሥጋውን አልፋ፣ እንቁላሉን አልፋ፣ በቅቤ የተለወሰውን ሩዝ አልፋ ሰላጣና ዳቦ ብቻ ሳህኗ ላይ ስታደርግ ዓይናቸውን አልነቀሉባትም።

«አሞሻል እንዴ?» አሉ።

«ኧረ ደህና ነኝ አባባ። አልበላም እንጂ።»

«ሥጋ?»

«ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም። ከእንስሳ የሚመጣ ነገር አልበላም።»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ልጄ ሚስት አገባ ብዬ ይሄን ሁሉ ሰው ጠርቼ፣ ለካስ ጥንቸል ነው ያመጣልኝ!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሷም ሳቀች። ስሙን ያጸናባት ያ ሳቋ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዚያ ወዲያ ባሏ ሳይቀር «ጥንቸሌ» ይላት ጀመር። እውነተኛ ስሟን የሚጠራት የመሥሪያ ቤቷ ሰው ብቻ ሆነ።

ሥጋውን ለምን እንደተወች ምክንያት ነበራት። ግን ምክንያቱ ገበታ ላይ የሚነገር ዓይነት አልነበረም። ሰው ምግብ መሐል «ለምን?» ብሎ ይጠይቃታል፤ እውነቱን ስትመልስለት የጎረሰው ይተናነቀዋል፤ ከዚያ የሰው ደስታ ያበላሸች እሷ ትሆናለች። ስለዚህ «አይስማማኝም» ማለት ለመደች። እሱም አላዋጣትም፤ አይስማማኝም ስትል ደግሞ መድኃኒት የሚያዝላት በዛ። አንዱ «ዶሮ እንኳ?» ይላታል። ሌላው «ዓሣ እኮ ሥጋ አይባልም» ይላል። ሦስተኛዋ በሹክሹክታ «ቅቤው ለሽታ ያህል ናት፣ አታውቂያትም» ትላታለች። የባሏ አጎት ደግሞ ባገኛት ቁጥር «የአንቺ ጾም መፍቻ የለውም ወይ?» ብሎ ብቻውን ይስቃል። ግብዣ ስትጠራ ቤቷ በልታ ትሄዳለች፤ ስትመለስም ትበላለች። መሐል ያለውን ሰዓት በሰላጣና በፈገግታ ታሳልፋለች።

ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ደግ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ተዉአት፣ ምን አደረገቻችሁ» እያለ ይከላከልላት ነበር። እየቆየ እሱም ደከመው። አንድ ቀን ከዘመድ ቤት ሲመለሱ፣ መሪውን እንደያዘ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «አንዳንዴ እንኳ ለሰው ብለሽ ብትቀምሺ ምን ትሆኛለሽ?» አላት። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እሱም ሁለተኛ አልጠየቃትም፤ መከላከሉንም ግን ተወው።

የምትሠራው መነጽር ቤት ነው። ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ሌንስ ትቆርጣለች፣ ጠርዙን ትሞርዳለች፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ ብሎኖችን በወረንጦ ይዛ ፍሬም ላይ ታስራለች። ሥራዋን ትወዳለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደምትበላ የሚጠይቃት የለም። ባለ ሱቋ ዕድሜዋ የገፋ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። አንድ ቀን መጥታ በሩን ተደግፋ ቆመችና፣ «ሌላ ከተማ ሁለተኛ ሱቅ ልከፍት ነው። አንቺ ትይዥልኛለሽ። ከላዩ መኖሪያ አለው» አለቻት። ጥንቸል የያዘችው ብሎን ከወረንጦው አመለጣት።

ባሏም ተስማማ። ያቺ ከተማ የመንገዱ መሐል ናት፤ እንዲያውም ከአሁኑ ይበልጥ እንገናኛለን አላት። የሚኖሩት በአባቱ ቤት ነው፤ እሳቸው ምድር ቤት፣ ባልና ሚስቱ ፎቅ ላይ። በዚያ ቤት ውስጥ ፍሪጁም፣ ድስቱም፣ የእሑድ ምሳውም የሽማግሌው ነው። ጥንቸል ዕቃዋን በልቧ ማሰር ጀመረች።

ዕቃው ግን ከልቧ ሳይወጣ ሽማግሌውን ስትሮክ መታቸው።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው ከድቷቸው ነበር። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ ያ ሁሉ ቀልድ፣ ያ ሁሉ ሳቅ ጠፍቶ የቀረቻቸው አንዲት ቃል ናት፦ «በቃ»። ሲርባቸውም «በቃ»፣ ሲያማቸውም «በቃ»፣ ሰው ሲመጣላቸውም «በቃ»። የሚሉትን ከዓይናቸው ማንበብ ነበር።

ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ስብሰባውን የመራችው የባሏ ታላቅ እህት ናት። በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ ነች፤ ቤት ውስጥም ኃላፊነቷን አትለቅም። በሌለችበት ሁሉም «ኮማንደር» ይሏታል፤ ፊት ለፊት ግን የሚደፍራት የለም። ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠርጎ «ነርስ ብንቀጥርስ?» ቢል፣

«አባቴን ለባዳ እጅ አልሰጥም!» አለች።

ባዳ አልሰጥም ያለችው ኮማንደር ግን የራሷን ቤት አላነሳችም። ሁሉም ዓይን ቀስ እያለ ወደ ጥንቸል ዞረ።

«አንቺ እዚሁ ቤት ነሽ» አለች ኮማንደር። «ሥራሽም ከባድ አይደለም።»

«እትዬ፣ ሱቁ እኮ...» አለች ጥንቸል።

«ሱቁ የት ይሄዳል? አባዬ እስኪሻለው ነው።»

አባባ እስኪሻላቸው። ባለ ሱቋም እሺ አለች፤ እስከዚያው ግማሽ ቀን ሥሪ፣ የአዲሱ ቦታ ቀለምና መደርደሪያም ገና ነው ብላ አጽናናቻት።

ኮማንደር በማግሥቱ መኪናዋን ሞልታ መጣች፦ አጥንት፣ ጉበት፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል። ፍሪጁን እየሞላች፣ «አባዬ ሥጋ በልቶ ያደገ፣ ሥጋ ሽጦ ያሳደገን ሰው ነው። ጉልበቱ የሚመለሰው በሥጋ ነው። የአንቺን ነገር ለራስሽ አድርጊው» አለቻት።

ጥንቸል አልተከራከረችም። የሰውየው አፍ የሰውየው ነው፤ የሚወዱትን የማብሰል ግዴታ እንዳለባት ለራሷ ነገረች። አፍንጫዋን በሻርፕ አስራ አጥንት ቀቀለች። ጉበት ፈጨች። ሽታው መጋረጃው ውስጥ ገባ፣ ፀጉሯ ውስጥ ገባ፤ መነጽር ቤት ስትደርስ እጇን ሦስቴ ታጥባ ነው ሌንስ የምትነካው። ያኔ ከቤቱ ይልቅ የገዛ ገላዋ ጠበባት።

ሽማግሌው ግን አልበላም አሉ። ሾርባውን ስታቀርብ ፊታቸውን ያዞራሉ። ማንኪያውን ከንፈራቸው ላይ ስታሳርፍ ጥርሳቸውን ይገጥማሉ። በግድ የገባው በአፋቸው ጥግ ተመልሶ ይፈሳል። አገጫቸውን እየጠረገች «አባባ፣ የእትዬ ሾርባ እኮ ነው፣ ትንሽ ብቻ» ብትላቸው፣ በደህና እጃቸው ጎድጓዳ ሳህኑን ገፍተው ገለበጡት። ከሳምንት ወደ ሳምንት ክንዳቸው ቆዳ ብቻ እየሆነ ሄደ።

አንድ ቀን የገለበጡትን ጠርጋ ስትጨርስ ርቧት ስለነበር እዚያው አልጋቸው አጠገብ ምሳዋን ይዛ ተቀመጠች። ሽንብራ ቀቅላ በሰሊጥና በሎሚ አላቁጣዋለች፤ ጎኑ ላይ በዘይት የላመ ድንች አለ። ሁለት ጎርሳ ቀና ስትል ሽማግሌው ያዩዋታል። እሷን እንዳይመስላችሁ፤ ሳህኑን ነው። ግራ እጃቸው ቀስ ብሎ መጣና ማንኪያዋን ያዘ።

«አባባ? ይሄ እኮ የጥንቸል ነው» አለች፣ መሳቅም ማልቀስም እየቃጣት።

«በቃ» አሉ፤ አፋቸውንም ከፈቱ።

ሳህኑን ጨረሱት። በማግሥቱም እንዲሁ። ምስር በካሮት ፈጭታ ሰጠቻቸው፣ በሉ። ባቄላ አላቁጣ ሰጠቻቸው፣ በሉ። ለሐኪማቸው ስትነግረው፣ ከስትሮክ በኋላ ጣዕም የሚለወጥበት፣ አንዳንዱንም ምግብ መዋጥ የሚያስፈራው ሰው ብዙ ነው፤ የሚዋጥላቸውን ስጪያቸው፣ ጥራጥሬውም ይበቃቸዋል አላት። ክብደታቸው መመለስ ጀመረ።

ባሏ መንገድ ላይ ሆኖ ሲደውል ነገረችው። መጀመሪያ እስኪያስለው ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ለእትዬ እንዳትነግሪያት» አላት።

«ለምን? ሐኪሙ እኮ...»

«እኔን ስሚኝ። አንቺ ያስተማርሽው ነው የሚመስላት። ስመጣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

መጣ፤ አልነገራትም። ሄደ፤ ተመልሶ መጣ፤ አሁንም አልነገራትም። ኮማንደር ግን በየሳምንቱ አጥንትና ሥጋ ማምጣቷን አላቋረጠችም። ወደ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው አየሩን ማሽተት ነው። ስለዚህ ጥንቸል፣ ማንም የማይጠጣውን የአጥንት ሾርባ ለሽታው ብላ ትቀቅል ጀመር። ኮማንደር የምትመጣበት ቀን ሲደርስ ድስቱን ጥዳ፣ መስኮቱን ዘግታ፣ በእንፋሎቱ መሐል ቆማ ታማስላለች። ስንት ዓመት በየሰው ቤት ለሰው ብላ አንዲት ጉርሻ ሳትቀምስ የኖረች ሴት፣ በገዛ ወጥ ቤቷ ውሸት እየቀቀለች መሆኑን ስታስብ ማማሰያው እጇ ላይ ይከብዳታል። ሾርባውንና ሥጋውን፣ እንዳይጣል ብላ፣ አጥር ተሻግሮ ላለው ጋራዥ ሠራተኞች ትሰጣለች።

ነገሩም የፈነዳው ከዚያው ከጋራዡ ነው። ኮማንደር አንድ ጠዋት መኪናዋን በር ላይ ስታቆም ዋናው መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«እመቤት፣ እግዜር ይስጥልን!» አላት። «ያ ሾርባችሁ ሰው አድርጎናል። ጉበቱማ ተዉት!»

ኮማንደር ስትገባ ድስቱ ተጥዷል፤ ሽማግሌው ደግሞ ጥንቸል የያዘችላቸውን የተፈጨ ምስር እየበሉ ነው።

«ምንድነው ይሄ?»

«እትዬ፣ ይቀመጡ፣ ልንገርዎ...»

«ለመካኒክ ሥጋ፣ ለአባቴ ቅጠል?» ሳህኑ ላይ ጣቷን ቀሰረች። «አፍ ሲከዳው ጠብቀሽ! ጤነኛ ሆኖ ቢሆን ይሄን ታደርጊው ነበር? እሺ፣ አንቺ አትብዪ፤ ስንችልሽ ኖረናል። አሁን ደግሞ ሰው መናገር ሲያቅተው የራስሽን ሃይማኖት ታጎርሺው ጀመር?»

«እሳቸውን ይጠይቋቸው።»

«አባዬ፣ ሥጋ ትፈልጋለህ አይደል?»

«በቃ» አሉ ሽማግሌው።

«አየሽ!»

«ይሄን ምስር አይፈልጉም አባባ?» አለች ጥንቸል።

«በቃ» አሉ ሽማግሌው።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ጥንቸል ሐኪሙ ያለውን ብትነግራት ኮማንደር «ሐኪሙን ያነጋገርሽው አንቺ ነሽ» አለቻት። ባሏ ሲመጣ ምስክር ይሆነኛል ብላ ጠበቀች። መጣና፣ በእህቱና በሚስቱ መሐል ቆሞ፣ «ሁለታችሁም ለአባዬ ብላችሁ ነው» አለ። ከዚህ ወዲያ ከእሱ የሚጠበቅ ነገር እንደሌለ ያን ቀን ገባት።

የኮማንደር ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ትልቅ ምሳ ተደረገ። ሽማግሌው በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው የገበታው ራስ ላይ ተቀመጡ። ጥንቸል ምሳቸውን በዕቃ ይዛ መጥታ ነበር። ኮማንደር ዕቃውን ተቀብላ፣ ክዳኑን ሳትከፍት፣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ሰዉ ሁሉ እያየ ከአባቷ ጎን ተቀመጠችና ከተጠበሰው ሥጋ ለስላሳውን መርጣ፣ አድቅቃ ቆራርጣ፣ ማንኪያ ላይ አደረገች።

«አባዬ፣ የልጅ ልጅህ ተመርቃለች እኮ። ለእሷ ብለህ።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ። የተመረቀችውን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ። ቤቱ አጨበጨበ። ኮማንደር ወደ ጥንቸል ዘወር ብላ፣ በክፋት ሳይሆን በእፎይታ፣ «አየሽ?» አለቻት። ሁለተኛውን ማንኪያ ጨመረችላቸው፤ ሦስተኛውንም።

ጥንቸል ግን ጉሮሯቸውን ነበር የምታየው። አልዋጡም። ሥጋው በደነዘዘው ጉንጫቸው ውስጥ ተከማችቷል። «እትዬ፣ አልዋጡትም» አለች። ሰዉ ፎቶ እየተነሣ ስለነበር የሰማት የለም። በዚህ መሐል ሽማግሌው ሊስቁ ፈለጉ መሰለኝ፤ ትን አላቸው። ፊታቸው ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። ወንበር ተገለበጠ፤ አንዱ ውኃ አለ፣ ሌላው ጀርባቸውን ምቱ አለ። ጥንቸል ሰዉን ጥሳ ደረሰች፣ ወደ ፊት አዘነበለቻቸው፣ ሁለት ጣቷን አፋቸው ውስጥ ሰድዳ ሥጋውን እያፈሰች አወጣችው። የቀረውን በትከሻቸው መሐል መታ መታ ስታደርግ ተፉት። ስንት ዓመት ያልቀመሰችው ነገር በመዳፏ ሙሉ፣ ሞቃት ሆኖ ተቀምጧል። የት እንደምትጥለው ጠፍቷት ይዛው ቆመች።

ሽማግሌው ትንፋሻቸው ተመለሰ። ኮማንደር ግን ድንጋጤዋ ወደ ቁጣ ዞሮባት ነበር።

«ሥጋ መዋጥ ያስረሳሽው አንቺ ነሽ! ልጅ አሳድገሽ አታውቂ፣ ሰው እንደ ሕፃን በፈሳሽ ስታሳድጊ!» ልጅ አለመውለዷ ሲነሳ ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ከጥንቸል አሸሸ። ኮማንደርም ከአፏ ካመለጣት በኋላ ደነገጠች፤ ግን አልመለሰችውም። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ነው። ወደዚያ ቤት አይመለስም።»

ያን ዕለት ጥንቸል ባዶ ቤት ገብታ መስኮቶቹን ሁሉ ከፈተች። መጋረጃዎቹን አውርዳ አጠበች። ድስቶቹን ፈተገች። ስትሠራ ቆይታ ዝም ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ደስ እንዳላት ታወቃት፣ አፈረችበትም። ለባለ ሱቋ ስልክ ደወለች። «አሁን መሄድ እችላለሁ» አለቻት።

በአውቶቡስ ሄዳ አዲሱን ሱቅ አየችው። ቀለሙ ገና ይሸታል። የመስታወት መደርደሪያዎቹ ባዶ ሆነው ብርሃን ይጫወትባቸዋል። ሌንስ መቁረጫው የሚቀመጥበትን ቦታ መስኮቱ አጠገብ መረጠች፤ ጥላ እንዳይጥልባት ወንበሩን አዙራ አስቀምጣ ሞከረችው። ላይ ያለው ቤት አንድ ክፍልና አንዲት ትንሽ ወጥ ቤት ነው። ምድጃው አዲስ ነው፤ የማንም ድስት አልተጣደበትም። የራሷን ድስት ጣደችበት፤ ቲማቲምና ሽንኩርት ብቻ ቁሌት አቁላልታ፣ በዳቦ፣ ቆማ በላች። ማንም አላየም፣ ማንም አልጠየቀም። ባሏ በመንገዱ ሲያልፍ ገብቶ አደረ፤ «ቤት ቤት ይሸታል» አላት። እንደዚያ ሰሞን ተሳስቀው አያውቁም።

ሱቁ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ስልኳ ጮኸ። ኮማንደር ናት። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር።

«ነይ» አለቻት። «እባክሽ ነይ።»

«ምን ሆኑ?»

«አልበላም ብሏል። ሥጋም ትቼው ነበር፤ አልደብቅሽም፣ የአንቺውኑ ዓይነት ሠራሁለት። ያው ሽንብራ፣ ያው ሎሚ። አፉን ይገጥማል። ሐኪሞቹ በአፍንጫው ቱቦ እናስገባ ይላሉ።»

ጥንቸል ስልኩን እንደያዘች የተሰለፉትን ባዶ መደርደሪያዎች ተመለከተች። ላለመሄድ የሚበቃ በደል ነበራት። ግን ሽማግሌው አልበደሏትም፤ ሄደች።

ስትደርስ የኮማንደር ሰፊ ሳሎን ውስጥ አንድ የተጣጠፈ ልብስ የመሰለ ነገር አልጋ ላይ ተኝቷል። እሳቸው ናቸው። ወጥ ቤት ገብታ ድንች አላመች፣ ምስር ፈጨች። ኮማንደር ሽንኩርት ትልጥላት ነበር።  ማንኪያውን ይዛ አጠገባቸው ስትቀመጥ ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው ረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። በሉ፤ ዋጡ፤ ደግመው ከፈቱ። ኮማንደር በነጠላ ጫማዋ በሩ ላይ ቆማ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች።

ጥንቸል ያኔ ገባት። ነገሩ የሥጋና የምስር ጉዳይ አልነበረም። ቢሆን ኖሮ የኮማንደር ሽንብራ ይበቃቸው ነበር። እሳቸው የለመዱት ምግቡን ሳይሆን እጇን ነው።

ኮማንደር እንባዋን ጠርጋ አቀፈቻት፤ ስታቅፋት የመጀመሪያዋ ነው። «በድዬሻለሁ» አለቻት። «ያን ያልኩሽን ነገር እርሺልኝ። ከአንቺ ሌላ ሰው የለውም። እኔ ልጁ ሆኜ አቃተኝ።»

ጥንቸል በእቅፉ ውስጥ እንዳለች መላ ፈለገች። «እትዬ፣ አዲሱ ከተማ ይዣቸው ልሂድ? ቤት አለኝ።»

«ደረጃ ወጥቶ? ሐኪሙ እዚህ፣ እጁን የሚያሠራው ባለሙያ እዚህ። ከቤቱ ሲወጣ ምን እንደሆነ አየሽው አይደለም እንዴ? እንመልሰውና እንደ በፊቱ ያዢው። የምትፈልጊውን ሁሉ አሟላለሁ። ሥጋ የሚባል ደጃፉን አይረግጥም፤ ቃሌ ነው።»

ስትሰደብ መልስ ነበራት። ስትለመን ግን እሺ አለች።

ለባለ ሱቋ የነገረቻት በአካል ሄዳ ነው። አሮጊቷ ሰምታ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «አልቆጣሽም የኔ ልጅ። ግን ሱቅ ዘግቶ አይጠብቅም» አለቻት። ቦታውን ለሌላ ሰጠችው። ጥንቸል ቁልፉን መልሳ፣ ላይ ቤት የቀረችውን ድስቷን ይዛ ተመለሰች።

ሽማግሌው ቤታቸው ከገቡ ወዲህ ሰው ሆኑ። ጉንጫቸው ሞላ፤ በዱላ ተደግፈው እስከ በር መሄድ ጀመሩ። ኮማንደር ቃሏን ጠበቀች። እንዲያውም ለሰው ሁሉ የምትሰብከው እሷ ሆነች፤ ለሐኪሙም ለጎረቤቱም፣ «አባቴን ያዳነው ጥራጥሬ ነው፤ የወንድሜ ሚስት እጅ ነው» ትላለች። በዓል ሲመጣም ወሰነች፦ ቤተ ዘመድ ሁሉ የሚሰበሰበው አባዬ ቤት ነው፣ የሚበላውም አባዬ የሚበላውን ነው። እምቢ ለማለት የደፈረ የለም።

ሁሉም መጡ። ጠረጴዛው ላይ ሩዝ በአትክልት፣ የተጠበሰ ደበርጃን፣ ምስር፣ ሽንብራ፣ በሰሊጥ የተሠራ ጣፋጭ ተደርድሯል። ጥንቸል ለዓመታት የተመኘችው ገበታ ነበር፤ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ምን እንደገባበት ሳትመረምር፣ ከዳር እስከ ዳር ልትበላው የምትችል። አጎትዬው ሦስት ጊዜ ምግብ አነሳና፣ «እኔም ሳረጅ ወደዚሁ ነው የምመጣ! ጥንቸሏ እያለች ማን ይሞታል?» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ኮማንደር ብርጭቆዋን አነሳችና «ለእህቴ» አለች፤ ምራት አላለችም። ሁሉም ብርጭቆውን አነሳ። ጥንቸል የጎረሰችውን በውኃ ገፋችው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ባልና ሚስቱ ዕቃ ያጥቡ ጀመር። እሷ ታጥባለች፣ እሱ ያደርቃል። በመስኮቱ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ገብታ ሳህኖቹ ላይ አርፋለች።

«ደስ አላለሽም?» አላት። «እትዬን እኮ አሸነፍሻት። እንደዚህ የሚሆን ይመስልሽ ነበር?»

«አይመስለኝም ነበር።»

«ታዲያ?»

እጇን ውኃው ውስጥ እንደነከረች ቆመች። «መነጽር ቤት ግማሽ ቀን ነው የምሠራው» አለች። «ፎቁ ላይ የምወጣው ለመተኛት ብቻ ነው። ከአንተ ጋር እንኳ አንድ ቀን መንገድ መውጣት አልችልም፤ ለአንድ ምሳ ብቀር አይበሉም። እስከ መቼ ነው?»

«ኧረ ይሄማ... አባዬ እስኪ...»

አፉን ዘጋ። «እስኪሻለው» እንዳይል፣ ከዚህ የበለጠ እንደማይሻላቸው ሐኪሙ ነግሯቸዋል። የሚቀረውን ቃል ደግሞ ልጅ ስለ አባቱ አይናገረውም። እሷም አልተናገረችውም። እሳቸውን በየቀኑ፣ በየማንኪያው፣ ከዚያ ቃል የምታርቃቸው እሷ መሆኗን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ባሏ ሳህኑን ማድረቅ ቀጠለ፤ የደረቀውን ሳህን ደግሞ ያደርቀዋል።

ከጓዳ ሽማግሌው ወለሉን በዱላቸው መቱ። መክሰሳቸው ደርሷል። ጥንቸል እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ምስሩን በትንሽ እሳት አሞቀች፣ በእጇ ጀርባ ሙቀቱን ለካችና ይዛላቸው ገባች።